የሄደን ደንበኛ መጥራት

የአንድ ሰዓት ሥራዬ ስንት ያወጣል? ሄንድሪክ በኢሜይል የጠየቀኝ ይህንኑ ብቻ ነበር። ሰውየው ሮተርዳም ውስጥ አነስተኛ የአርክቴክቸር ቢሮ አለው፤ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ፕላን የሚስልለት ሰው ይፈልጋል። የሙከራ ስዕሌን ወዶታል። "ዋጋህን ላክልኝ" ብሎ ጻፈልኝ።

ሕንድ፣ ፑኔ ድረስ ሄጄ ሕንጻ መሳል ተምሬ ጁባ ተመለስኩ፤ ዋጋ መጥራት ግን ማንም አላስተማረኝም። ኢንተርኔቱ "ወጪህን ደምረህ ለሥራ ሰዓትህ አካፍል" ይላል። ወጪዬ ምንድን ነው? የምተኛው አክስቴ ቤት፣ የምበላው አክስቴ ቤት፣ ላፕቶፔን ቻርጅ የማደርገው በአክስቴ ጀነሬተር ነው። ትንሽ ብጠራ ሥራ የማላውቅ እመስላለሁ። ብዙ ብጠራ ደግሞ "ጁባ ቁጭ ብሎ ይህን ሁሉ?" ይላል።

አክስቴ አልጣሽ እዚሁ ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር መጋረጃና አንሶላ ትሸጣለች። በመጪው ወር ማላኪያ ሰፈር ሁለተኛ ሱቅ ትከፍታለች፤ ይሄኛውን የምይዘው እኔ ነኝ። "ሥራ ካገኘህ እሰየው። ካላገኘህ ካላስ፣ በቃ፣ እዚህ ትቀመጣለህ" ብላ ቆርጣለች። ከዚያ ባንኮኒ የሚያስጥለኝ የሄንድሪክ ሥራ ብቻ ነበር።

"እቴቴ፣ ስንት ልበለው?"

"ስንት ይበቃሃል?"

"በሰዓት አሥር ዶላር።"

"እንግዲያው ሃያ በለው። ወርዶ ወርዶ አሥር ላይ ትገናኛላችሁ።"

"ፈረንጅ እኮ አይከራከርም።"

"የማይከራከር ገዢ እግዜር አልፈጠረም። ሕንድ አገር ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጠህ ይህን ነው የተማርከው?"

ሃያ ብዬ ላክሁ። ሄንድሪክ ሐሙስ ዕለት፣ "አመሰግናለሁ። ከባልደረባዬ ጋር ተነጋግሬ ሰኞ አሳውቅሃለሁ" ሲል መለሰ። ለአክስቴ ወደ አማርኛ መልሼ አነበብኩላት።

"ሄደልህ!" ብላ ሳቀች።

"ሰኞ እኮ ነው ያለው።"

በዚህ መሃል አንዲት ሴት በመጋረጃ ዋጋ ስትከራከር ቆይታ "ዞሬ እመጣለሁ" ብላ ወጣች። አክስቴ በር ላይ ብቅ አለችና "ታል፣ ያ ኡክቲ! ታል!" ብላ በዓረብኛ፣ ነይ እህቴ እያለች ተጣራች፤ ዋጋውንም ቀነሰችላት። ሴትዮዋ ተመልሳ ገዛች።

"አየህ?" አለችኝ አክስቴ ገንዘቡን እየቆጠረች። "ያንተውም 'ሰኞ' ያው 'ዞሬ እመጣለሁ' ነው። ሰው እግሩ ሌላ ሱቅ ሳይረግጥ ነው የሚጠራ።"

አላመንኳትም። ግን ዓርብን ሙሉ ኢሜይሉን ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ። አንድ የማላውቀው የማኒላ ወይም የካይሮ ልጅ ሥራዬን ሲወስድ ታየኝ። ቅዳሜ ጠዋት "በአሥራ ሁለትም ይሆናል" ብዬ ጻፍኩለት። ስልከው ትንሽ ቀለለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከበደኝ።

ሰኞ፣ እንዳለውም፣ መልሱ መጣ።

"ኢዛና፣ ሃያውን ባልደረባዬ ተቀብሎት ነበር። አሁን ግን ግራ ገብቶናል። በአሥራ ሁለት የሚሠራ ከሆነ ሃያው የምን ነበር? ስዕሎችህ ላይ ያሉት ልኬቶችስ እንዲሁ የሚቀያየሩ ናቸው?"

ላፕቶፑን ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

"ሃያውን ሊሰጥህ ነበር?" አለች ዓይኗን አፍጥጣ። "ታዲያ ምን አስቸኮለህ?"

"ጥራው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ!"

"እኔ የምሸጠው መጋረጃ ነው፣ ልጄ። አንተ ነህ ሰውየውን የምታውቀው።"

አላውቀውም። ሮተርዳምንም አላውቅም፣ ይህንን ገበያም በቅጡ አላውቅም። የማውቀው ግድግዳ መሳል ነው፤ ልኬቶቼ ደግሞ በአንድ ሴንቲሜትር እንኳ አልተሳሳቱም። ያናደደኝም የእነሱ መጠርጠር ነው።

ብዙ ጊዜ ጽፌ ካጠፋሁ በኋላ ይህን ላክሁለት፦ "ሄንድሪክ፣ ልኬቶቹ ትክክል ናቸው፤ በፈለግኸው ሰው አስመርምራቸው። ሃያ ያልኩህ ትከራከረኛለህ ብዬ ነው፤ እዚህ እንደዚያ ነው የምንገበያየው። የቀነስኩት የሄድክብኝ መስሎኝ ነው። ሥራውን ስጡኝና ስጨርስ የመሰላችሁን ክፈሉኝ።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር፣ ዋጋዬን እንደገና ያላላሁባትን፣ ባልጻፍኳት ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ኢሜይሉ መነበቡን የሚገልጽ ማሳወቂያ ደርሶኛል። መልስ ግን አልመጣም።