አሮጌው መስመር

የፖሊስ ጣቢያው ሬዲዮ ተናጋሪ ለተጊዮርጊስ የማይኩን አፍ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ነበር። የጣቢያው ሬዲዮ ጠጋኝ ሃምሳ አለቃ ዲንሳ ከጎኗ ተቀምጦ አዲሶቹን ክሪስታሎች ከጥጥ ውስጥ ያወጣል። ጥፍር የሚያካክሉ፣ ሁለት እግር ያላቸው የብረት ቁራጮች ናቸው፤ ሬዲዮው በየትኛው መስመር እንደሚናገርና እንደሚሰማ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የውጭ እንግዶች ስለሚመጡ፣ በየካ ያሉ የፖሊስ ኬላዎች ሁሉ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ መስመር እንዲቀይሩ ታዟል። አሮጌውን ጠላት ያዳምጠዋል ተብሏል።

ካራ፣ ሲግናልና ሌሎቹም ኬላዎች ክሪስታላቸው ትናንት ደርሷቸዋል። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ጫካ ውስጥ ላለው ኬላ ግን አልደረሰም። የእሱ ድርሻ እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሊያደርስ የነበረው መኪና ለበዓሉ ባንዲራ ሲያመላልስ ሰነበተ።

የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ኃይሉ የተተኮሰ ዩኒፎርሙን ለብሶ ገባ።

«ጓድ ለተ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

የስሟን ግማሽ ብቻ መጥራት የጀመረው ከፖለቲካ ትምህርት ቤት ከተመለሰ ወዲህ ነው። «ጊዮርጊስ አብዮት ጥበቃ አልተመዘገበም» ይላል።

ማይኩን ተጫነችው። «ለሁሉም ኬላ። መስመር ቀይሩ።»

ኬላዎቹ በየተራ «ቀየርን» እያሉ ጠፉ። ያልጠፋ አንድ ድምፅ ቀረ።

«እኛስ ምን እንቀይር?» አለ። የእንጦጦው ኬላ ጠባቂ ጉተማ ነው። «ሸሚዝ? ሌላ የሰጣችሁን ነገር የለም።»

ዲንሳ ሳይወድ ፈገግ አለ። ጉተማ ግን እየቀለደ አልነበረም።

«ለተ፣ ስሚኝ። የጫካውን ዘበኛ አካሉን እንጨት ሌቦች በመጥረቢያ መቱት። ጭኑን ነው። አስሬዋለሁ፣ ደሙ ግን አልቆመም። ብቻዬን ተሸክሜው በዚህ ጭቃ መውረድ አልችልም። መኪና ላኩ።»

ልትመልስለት ስትል የሻምበሉ መዳፍ ማይኩን ሸፈነው።

«በዚህ መስመር ከእንግዲህ ማንም አይናገርም።»

«ሰው እየደማ ነው፣ ጓድ ሻምበል።»

«ሰማሁ። ባንዲራው ሲያልቅ፣ ማታ መኪና እልካለሁ።»

«እስከ ማታ አይቆይም። በአዲሱ መስመር ካራን ልጠይቅ፤ እነሱ መኪና አላቸው።»

«በአዲሱ መስመር ዛሬ ከላይ ያሉት ያዳምጡናል። የመጀመሪያው ቃላችን የባሕር ዛፍ ዘበኛ ጭን ይሁን? ዲንሳ፣ አሮጌውን ንቀለው።»

ዲንሳ በዕድሜ አባቱ ይሆናል። እጁን ሳይዘረጋ ቆየ።

«ንቀለው አልኩህ።»

«ለተ፣ ትሰሚኛ…» ሲል ዲንሳ ነቀለውና የጉተማ ድምፅ ተቆረጠ።

ለተጊዮርጊስ ተነሳች። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረችም፤ ሲቆጣት አንገቷን ደፍታ ትውል ነበር። አሁን ግን አንገቷ እምቢ አላት።

«እርስዎ በደሙ ነው የሚያፍሩት» አለች። «እኔ የማፍረው በእርስዎ ነው።»

«ወደ ቤትሽ ሂጂ። ነገ እንነጋገራለን።» ራሱ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ አንገትጌውን አስተካከለ። በሬዲዮ አንገትጌ እንደማይታይ ልትነግረው ፈለገችና ተወችው።

በረንዳው ላይ ዲንሳ ደረሰባትና የእንጦጦውን ክሪስታሎች ከነጥጡ እጇ ውስጥ ጨመረላት።

«ጋሼ ዲንሳ፣ በእርስዎ ላይ ይመጣል።»

«ይምጣ። ነጥብ ያለበት ወደ ግራ ነው። ሂጂ አሁን።»

ወደ እንጦጦው ኬላ የሚወስደውን ሽቅብ በንዴት ወጣችው። ዝናቡ መንገዱን ቦይ አድርጎታል፤ ጭቃው ጫማዋን አልለቅ ሲላት አውልቃ በእጇ ያዘችው። ዞር ስትል ከታች ለበዓሉ የቆመ ቅስት ይታያል፣ ቀይ ቀለሙ ገና እርጥብ። ለዚያ መኪና ነበረ። ለዚያ ነዳጅ ነበረ። ይህን እያለች ወጣች፤ ትንፋሽ ሲያጥራት በልቧ፣ ሲመለስላት በአፏ።

የኬላውን የቆርቆሮ ቤት ሳታየው ድምፁን ሰማች። ጉተማ አሁንም እየጠራት ነው። «ለተ፣ ትሰሚኛለሽ?» ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጠራል። ማንም በሌለበት መስመር ላይ ለመልሷ ቦታ እየተወላት ነበር የሚጠራው። ቀኑን ከደረሰባት ሁሉ ይበልጥ ያቃጠላት ይህ ነው።

«እሰማሃለሁ» አለች በሩ ላይ ቆማ።

ዞሮ አያት፤ እግሯንም አየ። «በእግርሽ ነው እንዴ የሰማሽኝ?»

አካሉ ጥግ ላይ ካፖርት ተነጥፎለት ተኝቷል። ከንፈሩ ነጥቷል፣ ዓይኑ ግን አወቃት። ከጉተማ ቢላ ተቀብላ የሬዲዮውን ክዳን ፈታች፤ አሮጌዎቹን ነቅላ አዲሶቹን ሰካች። ቤቱ በሻምበሉ ድምፅ ተሞላ።

«…ሁሉም ኬላዎች ያለ አንዳች እንከን ቀይረዋል።»

እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ሁሉም አልቀየሩም» አለች። «ለሚያዳምጥ ሁሉ። የእንጦጦ ኬላ ነው። ዘበኛው አካሉ በመጥረቢያ ተመቶ እየደማ ነው። መኪና ጠይቀን ተከልክለናል። ያለው ይምጣልን።»

«ማነው የሚናገረው?» አለ ሻምበሉ።

«ያባረሯት ነኝ።»

ሌላ ድምፅ ገባ። «ካራ ነው። መኪናችን እየተነሳ ነው። መንገዱ እስከ የት ያስገባል?»

ጉተማ ማይኩን ነጠቃት። «እስከ ምንጩ። ከዚያ በቃሬዛ እናደርስላችኋለን።»

ቀጥሎ የማታውቀው የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ ከላይ ከሚያዳምጡት አንዱ መሆን አለበት። «ካራ፣ ቀጥል» አለ። አስከትሎም፣ «ተናጋሪዋ ነገ እኔ ዘንድ ትቅረብ።»

ጉተማ ለቃሬዛ የሚሆን እንጨት ሊቆርጥ ሮጦ ወጣ።

«ትታሰሪያለሽ» አለ አካሉ በቀጭን ድምፅ።

«ዝም በል። አቅምህን ለመንገድ አስቀምጠው።»

ክዳኑን ገጠመችና ብሎኖቹን በቢላው ጫፍ አጠበቀች። የመጨረሻው ብሎን ጥርሱ ተበልቶ ስለነበር ደጋግሞ ተንሸራተተባት፤ ተጭና ስታዞረው ያዘ። ቢላውን አጥፋ መስኮቱ ላይ አኖረችው።