አሥራ ስምንቱ አጫጭር ብሎኖች

«ጋሽ ገመድ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ቀለም ቀቢዎቹ ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የበረንዳና የደረጃ መደገፊያ ብረት ሲተክል፣ ባለገመድ ድሪሉን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ሠላሳ ሜትር ማራዘሚያውን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ነው ሥራ የሚገባው። ስሙን ወዶት ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ያ ገመድ ዕቃ ቤት ተቆለፈበት። የቆለፈበት ደግሞ ባዳ አይደለም፤ የሕንፃው ፎርማን፣ የገዛ ልጁ ባል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የሕንፃው ባለቤት ወይዘሮ ሥራውን ሊያዩ መጥተው፣ ደረጃው ላይ ገመዱ ጠለፋቸውና ጉልበታቸው ተላጠ። ደረጃው አምፖል አልነበረውም። አምፖል ማስገጠም የማን ሥራ ነበር? የፎርማኑ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። አምፖሉ እስከ ዛሬ አልተገጠመም፤ ገመድ ግን ተከለከለ። «ከዛሬ ጀምሮ በባትሪ ብቻ» የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጠፈ።

ጋሽ ገመድ ባትሪን አይጠላም። ለበር ማጠፊያ፣ ለቁም ሳጥን፣ መሰላል ላይ ለሚንጠለጠል ሰው ከባትሪ ድሪል የተሻለ እንደሌለ ራሱ ይመሰክራል። ኮንክሪት ግን ሌላ ነገር ነው። ብሎኑ አሥር ሴንቲ እንዲገባ ቀዳዳው አሥር ሴንቲ መሆን አለበት፤ ባትሪው ደከመኝ ቢል ኮንክሪቱ አያዝንለትም።

ሐሙስ ዕለት የቀረው የአምስተኛው ፎቅ በረንዳ ብቻ ነበር። ሃያ አራት ቀዳዳ። ስድስቱን እንደ ጨረሰ ባትሪው ሞተ። አምስት ፎቅ ወርዶ ዘበኛው ቤት ሲደርስ፣ ያለችው አንዲት የሶኬት ማከፋፈያ በስልክ ተሞልታለች።

«የማን ነው ይሄ ሁሉ ስልክ?»

«አንዱ የኔ ነው፣ የቀሩት የቀለም ቀቢዎቹ። ትንሽ ይታገሱ ጋሼ፣ የኔ ስልሳ ደርሷል» አለ ዘበኛው።

ሰው የሚደገፈው ብረት የዘበኛ ስልክ እስኪሞላ ይጠብቅ? ጋሽ ገመድ አንዱን ስልክ መንጭቆ ነቀለና ባትሪውን ሰካ። ከዚያ እየተብከነከነ አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ አለ።

ሲመለስ ብረቱ ተተክሎ ቆሟል። የብሎኖቹ ራስ በስቱኮ ተለስኗል። አማቹ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ይታጠባል።

«አባባ፣ ወይዘሮዋ ዛሬውኑ እመጣለሁ ብለው ደወሉ። እርስዎን መጠበቅ አልቻልኩም። ጂፕሰም ሠራተኞቹ ጋ በተረፈችው ባትሪ እኔው ጨረስኩት።»

ጋሽ ገመድ ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። እሱ በበሳቸው ስድስት ቀዳዳዎች አጠገብ አንዳንድ እፍኝ ግራጫ ዱቄት አለ። በቀሩት አሥራ ስምንቱ አጠገብ ያለው ግን የዚያን ግማሽ አይሞላም። ዱቄቱ ካልወጣ ኮንክሪቱ በሚገባ አልተበሳም ማለት ነው። ጥጉ ላይ ደግሞ በባትሪ ግራይንደር የተቆረጡ የብሎን ጭራዎች ተጠርገው ተከምረዋል። ደሙ ፈላ።

«ቆረጥካቸው?»

«ባትሪው አራት ሴንቲ ላይ እምቢ አለ፤ ምን ላድርግ? ሥራው አልቆ ካላዩት ያባርሩኛል። ደግሞ ማን ነቅሎ ያየዋል? ዝም አይነቅዝም ይባላል እኮ አባባ።»

«ዝም አይነቅዝም፤ ይሄ ብረት ግን ይነቀላል! ልጄን ለማን ነው የሰጠሁት? እስቲ ንገረኝ፣ ሚስትህ ያን ሆድ ይዛ ልብስ ልታሰጣ እዚህ ብትወጣ፣ ተደገፊው ትላታለህ?»

አማቹ ወደ ደረጃው ዞር ብሎ አዳመጠ።

«ተናገራ! ትላታለህ?»

«ቀስ ይበሉ አባባ፤ መጡ።»

ወይዘሮዋ እያነከሱና ቁና ቁና እየተነፈሱ ገቡ። «አቤት ሲያምር!» አሉ። ጋሽ ገመድ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ እሳቸው የታመመ ጉልበታቸውን ሊያሳርፉ ወደ ብረቱ ዘንበል አሉ።

«አይደገፉት!»

የጮኸው እሱ አልነበረም። አማቹ ነው፤ ክንዳቸውን ለቀም አድርጎ ወደ ኋላ ሳባቸው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ብሎኑ አጭር ነው እትዬ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። በባትሪ አልበሳ ብሎኝ…»

«በባትሪ? እኚህ ሰውዬ ባለገመድ ድሪል አልነበራቸውም?»

«ገመዱ ስለ ጣለዎት ከለከልኳቸው።»

ወይዘሮዋ ክንዳቸውን አስለቅቀው ከላይ እስከ ታች አዩት። «እኔ ገመድ ይከልከል አልኩ? እኔ ያልኩት መብራት አስገጥም ነው! በጨለማ የጣልከኝ ሳያንስ፣ ዛሬ ደግሞ ከአምስተኛ ፎቅ ልትጥለኝ ነበር?»

አማቹ መሬት መሬቱን አየ። ጋሽ ገመድ እንደ ንዴቱ ቢሆን ሌላም ይጨምርለት ነበር፤ ግን ሰውዬው በገዛ አፉ ተናግሯልና ንዴቱን ዋጥ አደረገ።

«ገመዴ ይከፈትልኝ እመቤት። ነገ እስከ ምሳ ቀዳዳዎቹን አጥልቄ፣ በሙሉ ብሎን አስረዋለሁ» አለ።

«ይከፈት። ካንተ ጋር ደግሞ» አሉት ፎርማኑን፣ «ነገ ከምሳ በኋላ እዚሁ ቆመን እንነጋገራለን።»

አማቹ ቁልፉን ይዞ ወረደ። ጋሽ ገመድ ወይዘሮዋን ወደ ውስጥ ፈቀቅ አድርጎ፣ ብረቱን በአንድ እጁ ወዘወዘው። ጥግ ላይ ያለው እግር እንደ ወተት ጥርስ ከነስቱኮው ተነቅሎ መጣ። ወይዘሮዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

አማቹ ሲመለስ ትከሻው ላይ ሠላሳ ሜትር ገመድ ጠምጥሞ፣ በእጁ አንድ አምፖል ይዟል። የተነቀለውን ብረት አየና በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«መጀመሪያ አምፖሉን» አለው ጋሽ ገመድ፣ ቀና ብሎ ሳያየው።