ሁለቴ ጠይቁት

መድኃኒቱ ከጀርባው ተደርድሮ እያያችሁት፣ ባለ ፋርማሲው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ «የለም» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ለመመለስ አትቸኩሉ። ሐይቅ ከተማ ቸኩላ መልሳለች። «ደብቆ ነው» ብላለች። ይህን የምጽፈው ያ መልስ እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው።

አስረስን የማያውቅ ለሐይቅ እንግዳ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት ያለችው አረንጓዴ በር ያላት ፋርማሲ የሱ ናት። ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የተወለደበት ከተማ ተመለሰ። ይህን ለማሞገስ አልናገርም፤ ሰው አገሩ ቢገባ ምን ይደንቃል? የሚደንቀው መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ያደረገው ነው።

መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒት መምጣቱ ቆመ። መጀመሪያ የስኳሩ አለቀ፣ ቀጥሎ የግፊቱ፣ በመጨረሻ የራስ ምታት ኪኒን እንኳ ጠፋ። ሌሎቹ መድኃኒት ቤቶች በራቸውን ቆልፈው ቤታቸው ተቀመጡ። የሚሸጥ ከሌለ ማን ይወቅሳቸዋል? አስረስ ግን በየጠዋቱ ይከፍታል።

«ባዶ መደርደሪያ ልትጠብቅ ነው?» አልኩት። ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛሞች ስለሆንን እንደዚህ እንነጋገራለን።

«ሰው ከአምባሰል ተራራ ወርዶ የተቆለፈ በር ካገኘ፣ ውስጥ ይኖር ይሆናል እያለ ሲብሰለሰል ያድራል። ቁርጡን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል» አለኝ።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቁርጥ ሲናገር ይውላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወንበር ስቦ ያስቀምጣቸው፣ እስከዚያ ምን ቢያደርጉ እንደሚሻል ያስረዳቸው ነበር። እየቆየ ንግግሩ አጠረ። ኋላ ላይ ሰው ገና ደረጃው ላይ እግሩን ሲያነሳ «የለም» ማለት ጀመረ።

ከሁሉም የጎዳችው ተሾመች ናት። ከውጫሌ በላይ ካለ ቀበሌ በእግሯ መጥታ፣ ለልጇ የሚጥል በሽታ ኪኒን ጠየቀችው። የለም አላት። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ትኑር ትሙት የሚነግረው አላገኘም። ስሟ በተጠራ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

መንገዱ ተከፈተ። ከደሴ መኪና መጣ፣ ካርቶኑ ወረደ፣ አስረስ ራሱ ቀኑን ሙሉ ሲደረድር ዋለ። እኔም ዕቃ አቀበልኩት፤ ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ እህል ነጋዴው አቶ ሙሉጌታ ነበሩ።

«አስረስ፣ የግፊቴ ኪኒን መጣ?»

«የለም።»

አቶ ሙሉጌታ መደርደሪያውን አዩ። የኪኒናቸው ማሸጊያ፣ ለዓመታት የሚያውቁት ሰማያዊው ካርቶን፣ ከአስረስ ትከሻ በላይ ተቀምጧል። አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ። «ያ ሰማያዊው ምንድን ነው?» ቢሉ ምላሳቸው ይቆረጥ ነበር? ውስጥ ያልተገኘው ምላስ ባጃጅ መቆሚያው ጋ ሲደርስ ተገኘ። «ደብቆ ነው! ዋጋ እስኪንር እየጠበቀ ነው!» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ወሬው ከባጃጁ ቀድሞ ውጫሌ ገባ።

ማታውኑ ሄጄ ነገርኩት።

«እኔ? ለጋሽ ሙሉጌታ? እሳቸው ደግሞ መቼ መጡ?» አለ። ከልቡ ነው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ አልሰማውም። በማግስቱ ግን በገዛ ዓይኔ አየሁ። ሔለን የምትባል ጎረቤቱ የሳል ሽሮፕ ጠየቀችው፤ አስረስ ጠርሙሱን በእጁ ይዞ አቧራውን እየወለወለ «የለም» አላት። እሷም ሳቀችና፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ፊቷን አጥቁራ ወጣች። ወሬውን ሰምታለች ማለት ነው። አስረስ ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ሰው መግባት ተወ። የገባም ቢሆን መደርደሪያውን በዓይኑ ሲበረብር ቆይቶ ይወጣል።

«ደሴ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ልቀጠር ነው። ካርቶን ጥያቄ አይጠይቅም» አለኝ አስረስ።

«ቆይ፣ እኔ ወጥቼ አሳያቸዋለሁ!»

«ተው እባክህ። አንተ ስትናገርልኝ እስካሁን የወደደኝም ይጠላኛል።»

እውነቱን ነው። ስናገር ቃል እንደማልመርጥ አውቃለሁ። ከተማውን ያሸነፉት እማማ ዘይቱና ናቸው። እማማ ዘይቱና በሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ ሴት ናቸው። በገበያ ቀን ሽንኩርታቸውን ሸጠው፣ ባዶ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ገቡ።

«የባለቤቴን የስኳር ኪኒን ስጠኝ ልጄ።»

«የለም።»

አልወጡም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ።

«በልጄ ሰርግ ቀን ብላ ስልህ ምን አልከኝ?»

አስረስ ግራ ገባው። «ጠግቤያለሁ አልኩዎት።»

«ጠግበህ ነበር?»

«ኧረ... ርቦኝ ነበር።»

«ወላሂ፣ ሳህኑን ጠራርገህ ነው የተነሳህ! በሞቴ ባልልህ ግን ሆድህን ይዘህ ትሄድ ነበር። በዚህ አገር የመጀመሪያውን እንቢታ ያመነ ማነው? እንግዳ ይጠግባል፣ ሙሽራ ታለቅሳለች፣ ሽማግሌ ሲላክ አባት ልጅ የለኝም ይላል። አስረስ፣ በሞቴ፣ ኪኒኑ አለ?»

አስረስ ዞሮ መደርደሪያውን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። «አለ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ምን አንገት ያስደፋሃል? ስጠኝ።»

ኪኒናቸውን ይዘው አልሄዱም። በር ላይ ቆመው፣ ከደጅ ሆኖ መደርደሪያውን በዓይኑ የሚበረብረውን ሁሉ ጠሩ። «ግቡ! ሁለቴ ጠይቁት! የመጀመሪያው መልስ የተዘጋው መንገድ ነው፤ ሁለተኛው የሱ ነው።»

በየገበያው ቀን እየመጡ እዚያው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ከተማው በዚህ ጨዋታ ተያዘ። «የለም» ይላል፣ «በሞቴ!» ይሉታል፣ ዞሮ አይቶ «አለ!» ይላል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ባጃጅ ነጂው አብዱልከሪም አንድ ቀን ድምፁ ተዘግቶ መጣ። «በሞቴ ማለት አቅቶኝ ብቀርስ?» አለ እያቃሰተ። «የታመመው ጉሮሮዬ ነው እኮ!» አስረስ ሲስቅ ባንኮኒውን ተደገፈ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ቀስ እያለ ነገሩ ተለወጠ። «የለም» ከማለቱ በፊት ዞሮ መደርደሪያውን ያያል። ከዚያ ይመልሳል። አንዳንዱ ደንበኛ ጨዋታው እንዳይቀርበት ብሎ መልሱን ካገኘ በኋላም «በሞቴ» ይል ነበር። በእውነት የሌለ ሲጠየቅም «የለም፤ ሁለቴ ብትጠይቂኝም የለም፤ ከደሴ አስመጣልሻለሁ» ይላል። ይህን ሲል አስረስ ደህና ነው አልኩ። አላመንኩም ግን፤ ስለ ተሾመች አንድ ጊዜም አላነሳማ።

አንድ የገበያ ቀን፣ እማማ ዘይቱና አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ፣ ተሾመች በሩ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ነጠላዋን የያዘች ልጅ አለች። አስረስ ልጅቱን አየ። እጁ ባንኮኒው ላይ እንዳለ ቀረ።

እማማ ዘይቱና ሴትየዋን አያውቋትም። «ግቢ እህቴ፣ ግቢ። ሁለቴ ነው የሚጠየቀው።»

ተሾመች አፏን ልትከፍት ስትል «አለ» አላት አስረስ።

«ምን እንደምፈልግ ሳልናገር?»

«አለ። አለልሽ።» ወደ ኋላው ሳይዞር እጁን ዘርግቶ ኪኒኑን አወረደ። ቦታውን ያውቀዋል፤ መደርደሪያውን የደረደርን ዕለት መጀመሪያ ያስቀመጠው እሱን ነበር።

«በዚያን ጊዜ እንዴት ሆነች?» አላት።

«የጎረቤቴ ልጅ ይህንኑ ኪኒን ይወስድ ነበር። እናቱ ከሱ እየቀነሰች ሰጠችኝ። አንተ ቁርጡን ባትነግረኝ አልለምናትም ነበር፤ ነገ ይመጣል እያልኩ ደጅህን ስጠና እከርም ነበር።»

አስረስ ባንኮኒውን ዞሮ ወጣ። ልጅቱን ጉንጯን ሳማት፤ እሷም በእጇ ጠረገችው። እማማ ዘይቱና ሳቁ፣ ተሾመችም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፤ እኔ ሳቅኩ ካልኳችሁ ነገሩ ትልቅ ነው።

አሁን አስረስ ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ዘግቶ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይበላል። ከደሴ ደውለው ሥራውን ይፈልገው እንደሆነ ሲጠይቁት «አልመጣም» አላቸው። «ሁለተኛ ቢጠይቁህስ?» ስለው «እነሱ ደሴዎች ናቸው፣ በሞቴ አይሉም» ብሎ ሳቀ። ሰውየው ደስ ብሎታል። ፋርማሲው ሙሉ ነው።

አቶ ሙሉጌታም ተመልሰዋል። ሰማያዊ ካርቶናቸውን ይገዛሉ፣ እንደ ሰው ሁሉ «በሞቴ» ብለው ይስቃሉ። አስረስ ይቅር ብሏቸዋል፤ «ተወው» ይለኛል። እሱ ይተው፤ መብቱ ነው። ነገር ግን ቃሉ የተነገረው በጓዳ አይደለም።

አቶ ሙሉጌታ፣ ሰውን «ደብቆ ነው» ያሉት ባጃጅ መቆሚያው ላይ፣ በቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። በሚመጣው የገበያ ቀን እዚያው ቦታ ይቁሙና፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱ፤ ሲደብቅ አይተዋል ወይስ ሁለተኛ መጠየቅ ከብዶዎት ነው? መጀመሪያ ዝም ቢሉ አንቀየምም። ሁለቴ እንጠይቅዎታለን። በሞቴ፣ ይመልሱ!