ለጎማ ዛፏ የተገዛ አረቄ

ብዙነሽ ጥጡን አረቄ ውስጥ ነከረችና የጎማ ዛፏን ቅጠል ገልብጣ ከጀርባው ጠረገችው። ነጩ ተባይ ጥጡ ላይ ተጣብቆ መጣ። "እሰይ! የታባክ!" አለችው። ሰው የሚያናግረው ካጣ ከተባይም ጋር ቢሆን ማውራት ይለምዳል።

ተክሎቹ የአስካለ ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ባለ አንድ ክፍል ፍላት ለዓመታት አብረው ኖረውባታል። የአስካለ የስደተኝነት ኬስ አልቆ ወደ አውስትራሊያ ስትሄድ አልጋዋን ሸጠች፣ ድስቶቿን አከፋፈለች፣ ተክሎቹን ግን "አደራ" ብላ ለብዙነሽ ተወችላት። ብዙነሽም ከዚያ ወዲህ የነጋዴዎችን የሐበሻ ቀሚስ ስትጠልፍ ትውላለች፤ ዓይኗ ሲደክማት ደግሞ ቅጠል ትወለውላለች። ሌላ የሚጠብቃት የለም።

ተባዩ ከየት እንደመጣ እንጃ። መርዝ መንፋት አይሞከርም፤ አስም አለባት፣ የምትተኛውም እዚያው ተክሎቹ ያሉበት ክፍል ነው። መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አጠበቻቸው፤ ክሽክሽ የሚባለው አረንጓዴ ተባይ በዚያው ጠፋ። ነጩ ግን ጥጥ የመሰለ ካባውን ለብሶ ንቅንቅ አላለም። የናይሮቢ ሰዎች ሙአሮባይኒ የሚሉትን መራራ ቅጠል ቀቅላ ውሃውን ረጨችበት፤ ጥቂት ቀን ተሸሽጎ ተመለሰ። በመጨረሻ አስካለ ስትደውል ጭንቀቷን ነገረቻት።

"በአረቄ ጥረጊው" አለች አስካለ። "ያንን ካባውን የሚያስወልቀው እሱ ብቻ ነው።"

"አንቺ! እኔ ጴንጤዋ አረቄ ልግዛ?"

"ጠጪው መች አልኩሽ?"

እዚህ ላይ የአስካለ ክሬዲት አለቀ።

ብዙነሽ ፋርማሲ ገብታ የቁስል ስፒሪት ብትጠይቅ ኖሮ ጣጣ አልነበረውም። አስካለ አረቄ ካለች ግን አረቄ ነው። ትናንት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ባንታየሁ ምግብ ቤት ሄደችና አንድ ጠርሙስ በፌስታል ይዛ ወጣች። የተደበቀች መስሏት ነበር። ኪሊማኒ መሐል በጠራራ ፀሐይ ነጠላ የተከናነበች ሴት ከሩቅ እንደምትታይ አላሰበችም።

በሩ ተንኳኳ።

"እህት ብዙነሽ! ሰላም ለዚህ ቤት!"

የቤተክርስቲያኗ ሽማግሌ ጋሽ ዘርይሁን ናቸው። ከኋላቸው የቤት ኅብረቱ መሪ ሚዛን ቆማለች። ብዙነሽ ከደስታዋ ብዛት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ኅብረቱ ድሮ በየሐሙሱ እዚሁ ነበር የሚሰበሰበው፤ አስካለ ከሄደች በኋላ ለመኪና ማቆሚያ ይመቻል ተብሎ ላቪንግተን ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ። ለብዙነሽ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ እየቀያየሩ አምሽቶ መመለስ ከበዳትና ቀረች። የት ቀረሽ ያላትም አልነበረም።

"ግቡ! ግቡ እንጂ! ምን እግር ጣላችሁ?"

ከገቡ በኋላ ነው ትዝ ያላት። ክፍሉ አረቄ አረቄ ይሸታል፤ ጠርሙሱ ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተገትሯል። ጋሽ ዘርይሁን አዩትና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ሰው ሲነግረን አላመንንም ነበር" አሉ።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ..."

"ምንም አትበይ እትዬ ብዙ" አለች ሚዛን። አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች። "ልንፈርድብሽ አልመጣንም።"

የሚዛን እጅ ይሞቃል። ብዙነሽን ሰው እጇን ከያዛት ስንት ጊዜዋ! እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ እነሱ ንስሐ መሰላቸው።

"ጥፋቱ የእኛ ነው" አሉ ጋሽ ዘርይሁን። "ብቻሽን ትተንሽ ከረምን። ብቸኝነት ሰውን የት የማያደርሰው አለ?"

ብዙነሽ አፏ ላይ የደረሰውን መልስ ዋጠችው። ለተክሎቹ ነው ብላ ቅጠሉን ገልብጣ ብታሳያቸው ሁለቱም ከት ብለው ይስቃሉ። ይስቁና ተነስተው ይሄዳሉ። በሌላ እጇ የቀረውን ጥጥ ቀስ ብላ ቀሚሷ ኪስ ከተተችው።

ጋሽ ዘርይሁን እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩላት። ሚዛን መዝሙር አነሳች፤ ብዙነሽ ተቀበለቻት፤ የገዛ ድምፅዋ እንግዳ ሆነባት። ከዚያ ሻይ አፈላች። ሚዛን ስለ ልጇ ስለ ያኤል አጫወተቻቸው።

"አማርኛዋ ጉድ ሆኗል! 'ማሚ፣ ሆምወርኬን ኒሜማሊዛ' ትለኛለች። ጨርሻለሁ ማለቷ ነው!"

ሳቁ። ብዙነሽ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች። እንዲህ ደስ ካላት ቆይቷል።

ጋሽ ዘርይሁን ሲነሱ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄዱ።

"ላፍስሰው?"

ብዙነሽ የጎማ ዛፏን አየቻት። የላይኞቹ ቅርንጫፎች ገና አልተጠረጉም፤ ዛሬ ከተተዉ ተባዩ የጸዳውን ሁሉ መልሶ ይወርሰዋል። የአስካለ አደራ!

"ያፍስሱት" አለች።

አረቄው ፈሰሰ። በሩ ጋ ሲደርሱ የጋሽ ዘርይሁን ፊት በርቶ ነበር። "ጌታ ነፃ አወጣሽ። እንግዲህ ሐሙስ ላቪንግተን ብቅ በይ። ካልተመቸሽም በስልክ እንጠያየቃለን።"

በስልክ ሲሉ ልቧ ስንጥቅ አለ። ሚዛን አቀፈቻት።

"ዳግመኛ ባንታየሁ ቤት አትሄጂም አይደል፣ እትዬ ብዙ?"

አልሄድም ብትል በዚሁ ያልቃል፤ ሻዩም፣ መዝሙሩም፣ የያኤል ወሬም።

"እንጃ" አለች ብዙነሽ መሬት መሬት እያየች። "ራሴን አላምነውም። በየሐሙሱ እዚህ እየመጣችሁ ብታዩኝ ነው የሚሻለኝ።"