ከጥዱ ሥር

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል ግቢው ጭጭ ብሏል። የአራት ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ዝምታ ደግ አይደለም።

«ሚጡ!»

እየተጣራች ወደ ጓሮ ወጣች። አማቷ በረንዳው ላይ ሹራብ ይሠራሉ።

«አሁን እዚህ ነበረች። ድመቷን ተከትላ ምንጣፍሽ ውስጥ ገባች» አሉ።

ምንጣፍ የሚሉት ጥዱን ነው። ሽቅብ ማደግ የማያውቅ፣ ምድር ለምድር እየተሳበ ግማሹን ጓሮ የሸፈነ ጥድ። «ሰው ዛፍ ይተክላል፣ የኔ ምራት ምንጣፍ ተከለች» እያሉ በጎረቤት ፊት ያሾፉባታል። ለምን እዚያ እንደተከለችው ግን ነግራቸው አታውቅም። ቤቱን ሲገዙ ቦታው ላይ የተተወ የውሃ ጉድጓድ ነበር፤ ክዳኑ ጣውላ። ባሏ ዛሬ ነገ በሲሚንቶ ይደፈናል ሲል፣ እሷ ያ አስቀያሚ ጣውላ እንዳይታያት ዙሪያውን አራት ችግኝ ተከለች። ክረምት ከበጋ የማይረግፈው ቅጠል በስድስት ዓመት ክዳኑን ዋጠው። እሷም ረሳችው።

«እማዬ፣ እንጨቱ ተሰበረ» አለ ቀጭን ድምፅ ከጥዱ መሃል።

ወደ ጥዱ ሮጠች።

«እንዳትነቃነቂ! የኔ እናት፣ እንዳትነቃነቂ!»

«እግሬ ተንጠልጥሏል።»

አማቷ የአትክልት መቀሱን ይዘው ከች አሉ። «ቁረጪው እንጂ! ምን ይገትርሻል?»

ተቀብላ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ በስለቱ መሃል አስገባች። ግን መቀሱን አልጨመቀችም። ይህ ጥድ ቅርንጫፉ አፈር በነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል፤ አንዱን ልታነሳ ስትታገል ስንቴ ተሸንፋለች። ቅርንጫፎቹ ከአራቱም ወገን ጉድጓዱን ተሻግረው፣ ማዶ ሥር ሰደው እንደ ገመድ ተወጥረዋል። ጣውላው በስብሷል። ልጇን የያዛት ቅርንጫፍ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን ከላይ አይታይም።

«አልቆርጥም።»

«አበድሽ?»

«እማማ፣ አንዱን ብስት አብራው ትወርዳለች። እግሬን ይያዙኝ።»

በሆዷ ተሳበች። ቅጠሉ ፊቷን ቧጨራት። ከሥሯ ስባሪ እንጨት ሾልኮ ወደቀ፤ ውሃው ጧ እስኪል የቆየው ጊዜ ጥልቀቱን ነገራት። የልጅቷ ዓይን በጨለማው ውስጥ ታያት።

«እማዬ፣ ድመቷስ?»

«ዝም በይ፣ ዝም።»

የልጅቷን ኮሌታ ጨበጠች። ወዲያው ትዝ አላት፦ ያን ኮሌታ የሰፋችው ደንበኛ ቆሞ እየጠበቃት፣ በጥድፊያ፣ በአንድ መስመር ክር ብቻ ነው። ኮሌታውን ለቀቀች። ደረቷን አንድ ስንዝር አስጠጋች፤ ቅርንጫፎቹ ሲጥ አሉ። በልጅቷ ብብት ሥር እጆቿን አስገብታ ጣቶቿን ቆለፈች።

«ይጎትቱ! እማማ ይጎትቱ!»

አሮጊቷ ያን ጉልበት ከየት እንዳመጡት አይታወቅም። እናትና ልጅ ተያይዘው ሣሩ ላይ ወጡ።

«ከሥሩ ጉድጓድ አለ» አለች እናትየዋ። «የሸፈንኩት እኔ ነኝ።»

አማቷ ዞረው ጥዱን አዩት።

«እማዬ፣ ልቀቂኝ፣ ጎኔን አመመኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። ጣቶቿን ልታላላ ሞከረች። አልታዘዝ አሏት።