የሚለርስ ቤንድ ታንከር አራተኛ እግር

የሚለርስ ቤንድ ከተማ የውሃ ታንከር ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከኮረብታው ወርዶ ወደ ምክር ቤቱ ስብሰባ መጣ። በአራት የብረት እግሮች የሚቆም፣ ሠላሳ ሜትር ቁመት ያለው ታንከር ስለሆነ በሩ አላስገባውም፤ ውጭ መስኮቱ ጋ ቆመ። በአንድ እግሩ ያነክሳል።

ሚለርስ ቤንድ አሜሪካ ውስጥ፣ አዮዋ በሚባለው የበቆሎ አገር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ማንኛውም ነዋሪ ተመዝግቦ ምክር ቤቱ ፊት ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ጸሐፊዋ ዶሪን መዝገቡን ገለጠች።

«አድራሻ?»

«ኮረብታው ላይ» አለ ታንከሩ። ድምፁ የወጣው ጥግ ካለው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ነው።

«ነዋሪ ነው» አለች ዶሪን፤ ሰዓት መቁጠርም ጀመረች።

«ክቡር ከንቲባ፣ አራተኛው እግሬ ከላይ ተሰንጥቋል። ስድስት ዓመት ሙሉ አመልክቻለሁ። እስከ ዓርብ ካልተበየደልኝ ውሃዬን ደፍቼ እተኛለሁ።»

ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ተረፈው። አንድ የምክር ቤት አባል እንዲህ ያለ አጭር ንግግር በዚያ አዳራሽ ሰምቶ እንደማያውቅ ተናግሮ አመሰገነው።

ከንቲባው ሃርላን ፕሩት አንገቱን ደፋ። ሃርላን ከንቲባ ብቻ ሳይሆን ቧንቧ ሠራተኛና በያጅም ነው፤ በትንሽ ከተማ ከንቲባነት ከሥራ መልስ የሚሠራ ነገር ነው። በአካባቢው ከእሱ ሌላ በያጅ የለም። ሕጉ ደግሞ ከንቲባ የከተማውን ሥራ ለራሱ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ሁለት ጊዜ ጨረታ ወጣ። ሁለቱንም ጊዜ የተወዳደረው በያጁ ሃርላን ብቻ ነበር፤ ከንቲባው ሃርላንም ሁለቱንም ጊዜ ውድቅ አደረገው። የእምቢታውን ደብዳቤ ቢሮው ተቀምጦ ፈርሞ፣ የብየዳ ሱቁ ሄዶ ተቀብሎ፣ ከራሱ ጋር አንድ ሳምንት ተኮራርፏል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ ሃርላን ግን ወጥቶ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል።

«ልቀቅና በይድለት» አለችው ሚስቱ ሎሬን እራት ላይ።

«እወደዋለሁ እኮ።»

«ታንከሩን?»

«ከንቲባነቱን።»

እውነቱን ነው። የሰው መታጠቢያ ቤት ተንበርክኮ ቱቦ ሲፈታ እንኳ ባለቤቶቹ «ክቡር ከንቲባ፣ ፎጣ ላቀብልዎ?» ሲሉት ደረቱ ይሞቃል። ከተማዋን ግን የበለጠ ይወዳታል፤ ውሃ የሌላት ከተማ ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ባዶ ትቀራለች። ሐሙስ ዕለት መልቀቂያውን አስገባ። ዶሪን ማኅተም መታችበት፤ የሚተካ ሰው ስላልነበረም ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችው። ሃርላን መኪናው ውስጥ ገብቶ አለቀሰ፤ ከዚያ የብየዳ ኤሌክትሮድ ሊገዛ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ታንከሩ ኮረብታው ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሃርላን መሰላሉን ወጣ፤ ወገቡን በገመድ አሰረ፤ ዝገቱን ፈግፍጎ ብረት ደርቦ በየደ። ስድስት ዓመት ሲያምረው የኖረ ሥራ ስለሆነ አልቸኮለም። እንደዚያ ያማረ ብየዳ በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም።

«እስቲ ርገጥበት» አለው።

ታንከሩ ረገጠበት። «ይዟል» አለ። ሰውየው ከንቲባ መሆኑ ስለቀረ አንተ ይለው ጀመር። «እጅህ ይባረክ። ገመዱን እንዳትፈታ።»

«ለምን?»

«መሄዴ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ምዕራብ። በሦስት እግር የሚዘለቅ መንገድ አልነበረም።»

«ሰዉስ? ውሃ ያጣል እኮ።»

«ማን ይተዋቸዋል?» አለ ታንከሩ፤ የመጀመሪያውን እርምጃም ተራመደ።

ከመሬት በታች ያለው ቧንቧ ተወጠረ። መጀመሪያ ፖስታ ቤቱ ከመሠረቱ ተነሣ፤ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ከዚያ መኖሪያ ቤቶቹ፤ እያንዳንዱ በየቧንቧው እየተሳበ ተራ በተራ በቆሎው ውስጥ ገባ። ሃርላን ታንከሩን እንዲቆም አዘዘው። ታንከሩ በትሕትና ከተማዋ በአሁኑ ሰዓት ከንቲባ አላት ወይ ብሎ ጠየቀው።

«የላትም» አለ ሃርላን።

ታንከሩ መንገዱን ቀጠለ። አያነክስም። ሃርላን ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላው ተመለከተ። ሰልፉ እስከ አድማስ ይደርሳል፤ አንድም የበቆሎ አገዳ አልተሰበረም። የእሱ ቤት ከፊት አራተኛ ነው። በኩሽናው መስኮት ሎሬን ሳህን ስታጥብ ትታያለች፤ ውሃው በደንብ ይወርዳል። የመጨረሻውን ሳህን አድርቃ አስቀመጠች፤ ከዚያ እንደ ወትሮው ቀና ሳትል መጋረጃውን ዘጋች።