ስድስት አልጋ

ግሌኒስ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ኖራለች። ባሏ ክላሪ እዚሁ ፖርት ፒሪ፣ የእርሳስ ማዕድን ማቅለጫው ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ድንገት ሞተ። እሷም በትምህርት ቤቱ ምሳ ቤት የነበራትን ሥራ ተወችና ቤት ዋለች። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ኬልቪን። እሱ ከሚስቱ ከናዲንና ከሦስት ልጆቹ፣ ከብሮዲ፣ ከጄማና ከኦስካር ጋር ፐርዝ ነው የሚኖረው። ከእኛ ከተማ ፐርዝ ለመድረስ በመኪና ሦስት ቀን ይፈጃል።

አንድ ጠዋት መንገዱን ተሻግራ መጣችና በሬ ላይ ቆማ፣ “ቤቱን ላከራየው ነው። ሞተርሆም ልገዛ ነው” አለችኝ።

“አንቺ? ያቺን ሚጢጢ መኪናሽን ለማቆም ሦስት ጊዜ ወደፊት ወደኋላ የምትይው ሴትዮ?”

“አራት ጊዜ ነው። ለዚህ እኮ ነው አብረሽኝ ሄደሽ እንድትመርጪልኝ የምፈልገው።”

በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ውስጥ እየኖረ አገር ሲዞር አዲስ ነገር አይደለም። ክረምት ሲገባ ግማሹ ጎረቤት ወደ ሰሜን፣ ወደ ሙቀቱ ይሄዳል። ግን የሚሄዱት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። እኔም ሆንኩ ግሌኒስ ይህን ብናውቅም አላነሳነውም።

መኪናዎቹ ወደሚሸጡበት፣ አደሌድ ከተማ ሄድን። ሻጩ ዳርሲ የሚባል፣ ፀሐይ ያቃጠለው ደልዳላ ሰውዬ ነው። ግቢውን አዞረን። መጀመሪያ አውቶቡስ የሚያህሉትን አሳየን፤ ሶፋ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሳይቀር አላቸው። ቀጥሎ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያላቸውን መካከለኛዎቹን አሳየን። መጨረሻ ላይ ጥግ ይዘው የቆሙትን ትንንሾቹን አሳየን፤ ከውጭ ሲታዩ ተራ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃና የእጅ መታጠቢያ አለ።

“ስንት ሆናችሁ ነው የምትጓዙት?” አለ ዳርሲ።

“እኔ ብቻ ነኝ” አለች ግሌኒስ።

“እንግዲያው ምርጫው ቀላል ነው። ትንሿን ይውሰዱ። የትም ትገባለች፣ ነዳጅ አትበላም፣ ሱፐርማርኬት በር ላይ ያቆሟታል። ብቻዬን ነኝ የሚል ሰው ትልቁን ገዝቶ ሲሄድ ብዙ አይቻለሁ። ባመቱ መልሶ ያመጣልኛል።”

ግሌኒስ ግን እሱን ትታ መካከለኛዎቹ ጋ ሄዳ አንዱ ውስጥ ገብታ ነበር። ተከትያት ገባሁ። አልጋዎቹን እየነካች ትቆጥራለች። ከሹፌሩ በላይ ሁለት፣ ኋላ ተደራራቢ ሁለት፣ ጠረጴዛው ሲዘረጋ ደግሞ ሁለት።

“ብሮዲ ቁመቱ ረዝሟል፣ እላይ ይተኛል” አለችኝ። “ጄማ ደግሞ ከታች። ኦስካር ከእኔ ጋር። ትምህርት ሲዘጋ እየወሰድኳቸው ባሕር ባሕሩን እንዞራለን። ኬልቪንም ናዲንም ይደክማቸዋል እኮ፤ ትንሽ ያርፋሉ።”

“ጠይቀሻቸዋል?”

“አልጋ እንዳለ ሲያዩ ይመጣሉ።”

በዚያን ሰዓት መናገር ነበረብኝ። ልጆቹን የማውቃቸው በፎቶ ነው፤ ግን የእኔም የልጅ ልጆች በዚያው ዕድሜ ናቸው፣ ስልክ ስደውልላቸው እንዴት በጥድፊያ እንደሚያናግሩኝ አውቃለሁ። ፊቷን አየሁና አልጋዎቹን አብሬያት ቆጠርኩ። መኪናውን ገዛችው።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ቤቷ መብራቱ አይጠፋም ነበር። ለየአልጋው አንሶላ ገዛች፣ መጋረጃዎቹን ራሷ ሰፋች። ማታ ማታ ባዶው የእግር ኳስ ሜዳ ላይ መንዳት ተለማመደች። ልትነሳ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ “ነይ እንሂድ። ቦታ ሞልቷል” አለችኝ።

“ዳሌዬ ነው የሚያመኝ” አልኳት። ዳሌዬ እውነት ያመኛል። ግን ያስቀረኝ እሱ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ከጓሮዋ ሎሚ አንድ ሙሉ ሳጥን ለቅማ ጭና ሄደች። ኬልቪን ልጅ እያለ በዚያ ሎሚ የተሠራ ኬክ ይወድ ነበር። በሁለተኛው ቀን ምዕራባዊው ክልል ድንበር ላይ ስትደርስ የፍተሻ ሠራተኞች አስቆሟት። ተባይ እንዳይገባ ተብሎ ፍራፍሬ ማሳለፍ እንደማይቻል ረስታለች። አንደኛዋ ሠራተኛ ይቅርታ እየጠየቀች ሳጥኑን ከእጇ ተቀብላ ማጠራቀሚያው ውስጥ ገለበጠችው።

“አልፈረድኩባትም” አለችኝ ማታ በስልክ። “ሥራዋ ነው። ግን ኤድና፣ ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገዱ በደንብ አይታየኝም ነበር።”

ፐርዝ ስትደርስ መኪናው የኬልቪን ግቢ አልገባም አለ። ጣሪያው የመኪና መጠለያውን ነካው። መንገድ ዳር እንዳታቆመው ደግሞ ጎረቤቶቹ ያጉረመርማሉ ተባለ። ኬልቪን በጣም አዘነ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ሠላሳ ደቂቃ የሚርቅ የሞተርሆም ማረፊያ ፈልጎ ቦታ ያዘላት። “በየቀኑ እንመጣለን፣ እማዬ” አላት።

እሑድ መጡ። ሥጋ ጠበሰች፣ ሰላጣ ሠራች። ብሮዲ እላይ ወጥቶ አሥር ደቂቃ ያህል ተጋደመና ስልኩን እየነካካ፣ “አሪፍ ነው፣ አያቴ” አለ። ሱቅ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ስለጀመረ ወዲያው ሄደ። ጄማ የዋና ውድድር ስለነበረባት ቀረች። ኦስካር ከአያቱ ጋር ሊያድር ቦርሳውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሳይመሽ ግን ጓደኛው ደወለና ልደት አለ ብሎ ሄደ። ሲወጣ አቅፎ ሳማት። እሷም፣ “ሂድ፣ ሂድ፣ የኔ ጌታ፣ ልደት እንዳያመልጥህ” አለችው።

አምስት ሳምንት ቆየች። አራት ጊዜ መጡ። የልጆቹን አንሶላዎች አንድም ቀን ማንም ሳያድርባቸው፣ አቧራ ስለሚይዛቸው እያለች ሁለት ጊዜ አጠበቻቸው። በስድስተኛው ሳምንት ኬልቪን ሥራ ላይ ሳለ ስልክ ደውላ ተሰናበተችውና ወደ ምሥራቅ ዞረች።

ወደኋላ ስትመለስ፣ ዛፍ የሚባል የሌለበት ሜዳ መሀል ያለ ነዳጅ ማደያ አደረች። አጠገቧ አንዲት ትንሽ መኪና ቆማለች፤ ልክ ዳርሲ ያሳያት ዓይነት፣ ግን ያረጀች። በጎኗ ድንኳን ተተክሏል። ጃረድና ኪርስቲ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሦስት ልጆች አሏቸው። የቤት ኪራይ ጨምሮባቸው ከቤታቸው ከወጡ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ጃረድ ሴዱና ከምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አጠገብ ኦይስተር የተባለ የሚበላ የባሕር ዛጎል ከሚያረባ ሰው ጋር ሥራ አግኝቶ ወደዚያው እየሄዱ ነው።

ጎሕ ሲቀድ ነፋሱ መጣ። ግሌኒስ በመስኮት ስታይ ድንኳኑ ተቀዷል፤ ጃረድ ሁለቱን ትልልቅ ልጆች በብብቱ አቅፎ ቆሟል፣ ትንሿ መኪና ውስጥ ደግሞ ኪርስቲና ሕፃኗ ናቸው፣ ቦታ የለም። ግሌኒስ በሯን ከፈተች።

“አምጣቸው። ባዶ አልጋ አለኝ።”

“አናስቸግርዎትም” አለ ጃረድ።

“ማን አስቸገርከኝ አለህ? ልጆቹ በረዳቸው እኮ።”

ልጆቹ ገቡ። ትልቁ እላይ ወጣ፣ ትንሹ ከታች ገባ፣ ማንም ሳያዛቸው። ወዲያው እንቅልፍ ጣላቸው። ግሌኒስ ሻይ አፍልታ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ ትንፋሻቸውን ስትሰማ ቆየች።  

ሁለት ቀን ተከታትለው ተጓዙ። ሴዱና ሲደርሱ ባሕር ዳር ቁጭ ብለው ጥብስ ዓሣ እየበሉ ግሌኒስ ሐሳቧን ተናገረች። መኪናችሁን ስጡኝ፣ የእኔን ውሰዱ አለች።

ጃረድ ፊቱ ቀላ። “ምጽዋት አንፈልግም” አለ።

“ምጽዋት ያለህ የለም። አንተ ይሄን ነገር ወደኋላ ስነዳ አይተኸኛል? ትናንት የማደያውን ቆሻሻ መጣያ ገልብጬዋለሁ።”

ኪርስቲ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

“በዋጋ አይገናኝም እኮ” አለ ጃረድ። “የእኛዋ አሮጌ ናት። ማርሿም ይጠብቃል።”

“እኔም አሮጌ ነኝ። ስማኝ ልጄ፤ ይሄን የገዛሁት አልጋ ብዬ ነው። አልጋው ደግሞ ለእኔ ቤተሰብ አልበቃም ብሎ ሳይሆን ስለማያስፈልጋቸው ነው ባዶ የቀረው። እያንዳንዱን ማታ እየቆጠርኩት እተኛለሁ። በቃኝ።”

ጃረድ አንድ ቀን ሙሉ ሲያስብበት ዋለ። በማግስቱ የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ ሄደው የሁለቱንም መኪና ወረቀት ፈረሙ።

ኬልቪን ሲሰማ ደወለላት። “እማዬ፣ ምን ነካሽ? ለማታውቂው ሰው?”

“አውቃቸዋለሁ። ሦስት ቀን አብረን በልተናል።”

“ለእኛ እኮ ነበር የገዛሽው።”

“አዎ፣ የኔ ልጅ። መጀመሪያ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር።”

ኬልቪን ደህና መሆኗን ጠየቃት። ደህና ነኝ አለችው።

እውነቱን ለመናገር ግን ደህና አልነበረችም። ቤተሰቡ ወደ ኦይስተር እርሻው ሲነዳ ልጆቹ ከኋላ መስኮት እጃቸውን እያውለበለቡላት ሄዱ። እሷ ባሕር ዳር ብቻዋን ቀረች። ለእኔ የደወለችው የዚያን ዕለት ከሰዓት ነው።

“ትንሽ ናት፣ ኤድና። አልጋው ላይ ተቀምጬ ምድጃውን እነካለሁ። የሚያስተጋባ ነገር የለም።”

“ቤትሽ ተመለሺ እንግዲህ። ተከራዮቹ ይወጡልሻል።”

“ቤት ገብቼ ምን ልሠራ? እዚያ የሚጠብቀኝ ሦስት ባዶ ክፍል ነው።”

 ከመስኮቴ ቤቷ ይታየኛል፤ የተከራዮቹ ልብስ ገመዷ ላይ ተሰጥቷል። ወዴት ልትሄድ እንዳሰበች ጠየቅኳት። አታውቅም። መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ባሕሩን ይዛ፣ ትንሿ መኪና እስከገባችላት ድረስ። ከዚያ ውኃ መሳቢያው የትኛውን ቁልፍ ሲጫኑ እንደሚሠራ ኪርስቲን መጠየቅ መርሳቷን እየነገረችኝ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትሞክር ጀመር። የመጀመሪያው መብራት ነው፣ ሁለተኛው ማራገቢያ። በሦስተኛው ውኃው መፍሰሱን በስልኩ ሰማሁት፤ እሷም ማንቆርቆሪያውን ሞላችና ሻይ ላፈላ ነው ብላ ስልኩን ዘጋችው።